የአፖ ባሕርና ባለቤቶቹ

እስኪ ጠጋ በሉና የሁለት ደሴቶችን ነገር ላጫውታችሁ። አገሩ ፊሊፒንስ ነው፤ አንዷ ሱሚሎን፣ ሌላዋ አፖ ይባላሉ።

በአንድ ወቅት እዚያ ዓሣ መንምኖ ነበር። የቸገረው አስጋሪ ድማሚት ይወረውራል፤ ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል፣ መራቢያው ኮራልም አብሮ ይደቅቃል። ሌላው ሳያናይድ የተባለ መርዝ ይረጫል። ሁሉም የዛሬን እንጂ የነገን አያይም።

እ.ኤ.አ. በ1974 የሲሊማን ዩኒቨርሲቲው አንጄል አልካላ የሱሚሎንን የኮራል ሪፍ ሩብ ያህል ከመረብ አስከለለ። ዓሣው በረከተ። ምሁሩ ግን ወደ አፖ ሲሻገር አዋጅ ይዞ አልሄደም። ከአስጋሪዎቹ ጋር ዓመታት ተነጋገረ፤ አንዳንዶቹንም ሱሚሎን ወስዶ ባሕሩን አሳያቸው። ዐይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል እንዲሉ፣ በ1982 ጥቂት ቤተሰቦች ተስማምተው 450 ሜትር ያህል ዳርቻ ዘጉ። ጥበቃው ምን ነበር መሰላችሁ? መርከብ የለ፣ ጠመንጃ የለ፤ በየተራ አንድ ሰው አሸዋው ላይ ተቀምጦ ያያል፣ በቃ።

ሱሚሎን ላይስ? በ1984 ጥበቃው ፈረሰ፤ ሁሉም መረቡን ይዞ ገባ። ክልሉ ተከፍቶ ብዙ ይገኛል ሲባል፣ የተያዘው ዓሣ በሁለት ዓመት ውስጥ በግማሽ ያህል ወረደ! የሚራባበት ሲነካ የሚጠመደውም አለቀ።

አፖ ላይ ግን ማንም ያላወካቸው ትልልቅ ዓሦች ዓመት ከዓመት በረከቱ፤ ከክልሉ ሞልቶ የፈሰሰውን አስጋሪው ከድንበሩ አጠገብ ያጠምድ ጀመር። ሩቅ መቅዘፍ ቀረለት። ጠላቂ ቱሪስት መጣ፤ ማደሪያና ጀልባ ያከራየው ቤተሰብ ልጁን ከደሴቷ ማዶ አስተማረ።

ታዲያ ነገሩ ሁሉ ማር አይደለም። በ1994 አፖ ብሔራዊ ጥብቅ ስፍራ ስትሆን ውሳኔው ከነዋሪዎቹ ወደ አስተዳደር ቦርድ ዞረ፤ የጎብኚው ክፍያም በመንግሥት በኩል እየዞረ ይዘገያል ብለው ነዋሪዎቹ አጉረመረሙ። በ2011 እና በ2012 የመጡት አውሎ ነፋሶች ደግሞ የተከለለውን ኮራል ክፉኛ ሰባበሩት።

ለአውሎ ነፋስ ዘበኛ አይቆምለትም። የሰውን እጅ ግን ባለቤት ይመልሰዋል፤ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ? የአፖን አጥር ያጸናው ያ የአሸዋ ላይ ተረኛ ነው፤ ከባሕሩ የሚበላ፣ በባሕሩም የሚመክር። ምክሩን ከነጠቁት ተረኛነቱም ይቀራል፤ ያኔ አፖ ከሱሚሎን አትለይም።