እንግዳና ጓዳ

በአገራችን ወግ እንግዳ ከደጅ አይመለስም። «ይግቡ» ይባላል፤ ወንበር ይሳብለታል፤ ቡና ይፈላለታል። ይሁን እንጂ የቱንም ያህል የተከበረ ቢሆን ሰተት ብሎ ጓዳ አይገባም። በዋይ ፋይ ዘመን ይህን ወግ የዘነጉ ንግድ ቤቶች ከባድ ዋጋ ከፍለዋል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ታሪኩን ከመነሻው እንይ።

የገመድ አልባው መረብ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲወጣ (ዘመናቱ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ2 ሜጋቢት አይበልጥም ነበር። «ዋይ ፋይ» የሚለው የንግድ ስም የመጣው በ1999 ነው። ደንቡ ዌፕ የሚባል ቁልፍ ነበረው፤ ትርጉሙም «ከገመድ የሚተካከል ምስጢራዊነት» ማለት ነው። ስሙና ግብሩ ግን አልተገናኙም። በ2001 ፍሉረር፣ ማንቲንና ሻሚር የተባሉ ተመራማሪዎች የቁልፉን ድክመት አጋለጡ፤ በዚያው ዓመትም ሌሎች በተግባር ሰበሩት። በ2003 ደብሊው ፒ ኤ፣ በ2004 ደግሞ ሁለተኛው ትውልድ ተተካ። አዲስ ቁልፍ ተሠራ ማለት ግን አሮጌው ከየበሩ ተነሣ ማለት አይደለም።

ለዚህ ምስክሩ ቲ ጄ ኤክስ የተባለው የአሜሪካ የመደብሮች ኩባንያ ነው። በ2005 ሌቦች ማያሚ በሚገኝ አንድ የማርሻልስ መደብሩ ዋይ ፋይ በኩል ገቡ። ኩባንያው ያኔ ገና ከዌፕ አልተላቀቀም ነበር። ከዚያች መደብር ተነሥተው ማሳቹሴትስ እስካለው ዋና የክፍያ ጓዳ ድረስ ዘለቁ፤ ያስቆማቸው ግድግዳ አልተገኘም። በ2007 ጉዱ ሲወጣ ኩባንያው የ45.7 ሚሊዮን ካርዶች መረጃ መሰረቁን አመነ። የሌቦቹ መሪ አልበርት ጎንዛሌዝ በ2010 የ20 ዓመት እስራት ተፈረደበት። የሚያስቆጨው፣ በአንድ ገመድ ላይ የማይተያዩ ሁለት መረቦችን ማስኬድ የሚያስችለው ደንብ ከ1998 ጀምሮ መኖሩ ነው።

ታዲያ እንግዳው ራሱ ቢያጠፋስ? ሙኒክ አጠገብ የመብራትና የድምፅ መሣሪያ የሚነግድ ማክፋደን የተባለ ሰው ደንበኛ ለመሳብ ዋይ ፋዩን ያለ ቁልፍ ከፍቶት ነበር። በ2010 አንድ ያልታወቀ ሰው በዚሁ መስመር ሙዚቃ ያለ ፈቃድ ለሕዝብ አቀረበ፤ ሶኒ ሙዚክም ባለሱቁን ተጠያቂ አደረገ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2016 ሲወስን፣ ባለቤቱ ስለ እንግዳው ጥፋት ካሣ አይከፍልም፤ ዳሩ ግን መረቡን በይለፍ ቃል እንዲዘጋና ተጠቃሚዎች ማንነታቸውን እንዲገልጹ ሊታዘዝ ይችላል አለ። ጀርመን በ2017 ሕጓን አሻሽላ የባለ ንግዶችን ሸክም አቀለለች።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በአዲስ አበባ ካፌዎች የይለፍ ቃል ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ደግ ነው፤ እንግዳ መቀበል ነው። ጥያቄው፣ ያ ቃል የት ድረስ ያስገባል? የሒሳብ ያዡ ኮምፒዩተርና የካሜራው መቅጃ በዚያው መረብ ላይ ከሆኑ፣ ባለቤቱ በማኪያቶ ዋጋ ጓዳውን አስጎብኝቷል ማለት ነው።

መላው ቀላል ነው። ለእንግዳ የራሱ ስምና የይለፍ ቃል ያለው፣ ከሥራው የተለየ መረብ ይሰጠው። እንግዶችም አንዱ የሌላውን መሣሪያ እንዳይደርስበት ይደረግ። መሣሪያው ከፋብሪካ ይዞት የመጣው የአስተዳዳሪ ቃል ይቀየር፤ ቁልፉም ከሁለተኛው ትውልድ አይነስ፤ መሣሪያው ከቻለ በ2018 የወጣው ሦስተኛው ይሁን። ብዙዎቹ መሣሪያዎች የእንግዳ መረብ ምርጫ ስላላቸው አዲስ ዕቃ መግዛት ላያስፈልግ ይችላል፤ ያስገባውን ባለሙያ መጠየቅ ነው።

እንግዳው ይከፋው ይሆን? ሳሎን ተቀምጦ ቡናውን እየጠጣ፣ የጓዳው በር ስለተዘጋ ተናቅሁ ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማንም።