የዳንግላና የእንጅባራ ጠላ ቤቶች አመጣጥ

ጠላ በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች ረዥም ዘመን ያስቆጠረ መጠጥ ነው። ይሁን እንጂ ጠላን ለአላፊ አግዳሚው በገንዘብ መሸጥ የዚያኑ ያህል ጥንታዊ ነው ለማለት አይቻልም። የአገው ምድር ገበሬ ጠላን የሚያውቀው በደቦ፣ በሠርግ፣ በማኅበር፣ በሰንበቴና በተዝካር ነበር። ጠማቂዋ የቤት እመቤት፣ ጠጪው ዘመድና ጎረቤት በመሆኑ በመካከላቸው ዋጋ የሚባል ነገር አይገባም። ጠላ ሸጣ የምታድር ሴት ሐሜት የሚከተላትም በዚሁ ምክንያት ነበር።

እንግዲህ ጠላ ቤት ዘመድ የሌለበት አገር የወለደው ቤት ነው፤ ይኸውም ገበያ፣ መንገድና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰውን ከቀዬው ሲያርቁት የቆመ ነው።

አገው ምድር ከገበያ ጋር የተዋወቀው ከጥንት ጀምሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 የዓባይን ምንጭ ፍለጋ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ አገዎች ማር፣ ቅቤና ከብት ወደ ጎንደር ይወስዱ እንደነበር ጽፏል። ከጎንደር ጠጅ ከፊሉ የአገው ማር ነበር ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። (ብሩስ ራሱ በምንጩ ዳር ለንጉሡ ለሣልሳዊ ጆርጅ ጤና ጽዋውን ያነሣው ግን በውኃ ነበር።)

የዳንግላ ከተማነት እያደገ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንግሊዞች በጣና ሐይቅና በዓባይ ውኃ ላይ የነበራቸው ፍላጎት በዚያች ገበያ ቆንስላ እስከ መክፈት አድርሷቸዋል፤ ሜጀር ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ድረስ በቆንስልነት ተቀምጦ የጣናን ዙሪያና የዓባይን ሸለቆ አጥንቷል። ቀጥሎም የጣሊያን ጦር ሰፈረ፤ በየካቲት 1933 ዓ.ም. ለቅቆ እስኪወጣ ድረስ ቆየ። ከነፃነት በኋላ ዳንግላ የአገው ምድር አውራጃ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ነጋዴው፣ ወታደሩ፣ ሹፌሩና መምህሩ ተሰባሰቡባት። ከሁሉም በላይ ግን ባለጉዳይ ነበር። ለአንድ ፋይል ከሩቅ ወረዳ በእግሩ የመጣ ገበሬ «ነገ ተመለስ» ሲባል የት ይደር? ጠላ ቤት ለእርሱ ማደሪያው፣ የአደራ ዕቃ ማስቀመጫውና ወሬ መስሚያው ነበር።

ይህን ቤት ያቆሙት በአብዛኛው ባል የሞተባቸው ወይም የተፋቱ ሴቶች ናቸው። ሴት ርስት ቢኖራትም እንኳ በሬ ጠምዳ ማረስ በባህሉ አይፈቀድላትም ነበርና፣ የራሷን መሬት ለማሳረስ ወንድ ፈላጊ ትሆናለች። ጠላ ግን የማንንም ጥማድ አይጠብቅም። የእናቱ ጋን አስተምሮት ለወግ ማዕረግ የበቃ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አይጠፋም፤ ይህን በአደባባይ የሚናገረው ግን ጥቂቱ ነው።

ሥራው እንደሚገመተው ቀላል አይደለም። ጋኑ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። የተወቀጠ ጌሾ በውኃ ይጠነሰሳል፤ የገብስ ብቅል ይገባበታል፤ ቀጥሎ ከተቆላና ከተፈጨ እህል ጋር ይደፈደፍና ታፍኖ ይሰነብታል። ብርዳማው እንጅባራ ለገብስ ይስማማል፤ ወደ ዳንግላ ዝቅ ሲባል ዳጉሳና በቆሎ ይበረክታሉ፤ የጠላውም ቀለምና ጣዕም እንደ እህሉ ይለያያል። ውኃ ተጨምሮ ሲጠል ዋናው ጠላ ይቀዳል፤ ሁለተኛው ውኃ ቅራሪ ይባላል። አረቄ የምታወጣዋ ደግሞ ድፍድፉን በእሳት ላይ ጥዳ፣ እንፋሎቱን በሸምበቆ ወይም በቀርከሃ ቱቦ ወደ ቀዝቃዛ ዕቃ ትመራዋለች፤ መጋጠሚያውን በጭቃ ትደፍናለች። መሐንዲስ ይህን ቢያይ ማፍያው፣ ማቀዝቀዣውና ማሸጊያው አንድ ሳይጎድል መኖሩን ይመሰክራል። እሳቱ ከበረታ ድፍድፉ ያርራል፤ ስለዚህ ማገዶውን የሚመጥን ልምድ ያለው እጅ ያስፈልጋል።

ዛሬ እንጅባራ የአዊ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲም ተከፍቶባታል፤ ከባሕር ዳር ወደ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው አውራ ጎዳና ዳርና ዳር ፎቅ እየተሠራ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በ1915 ዓ.ም. በቅዱስ ጊዮርጊስ ፋብሪካ የተጀመረው የጠርሙስ ቢራ ዛሬ በየመንደሩ ይሸጣል። ሆኖም ጠላ ቤትን ይበልጥ የሚያሰጋው ቢራው ሳይሆን የቦታው ጥበት ነው። ጠላ ቤት መኖሪያም፣ ንግድም፣ ፋብሪካም ነው፤ ጓሮ፣ የማገዶ ማከማቻ፣ ውኃና የአተላ መድፊያ ይፈልጋል። የከተማ ፕላን ደግሞ መኖሪያን ለብቻ፣ ንግድን ለብቻ ይከልላል። በዚህ አከላለል ጣሳ በእንጨት ሰክታ በደጇ የምታቆም ሴት በየትኛውም ክልል ውስጥ አትገባም፤ ቤቷ ለመንገድ ሲፈርስ የሚገመተው ግድግዳውና ቆርቆሮው ሲሆን፣ ጋኑ የተቀመጠበት ጓሮና የለመዳት ጠጪ በግምቱ አይቆጠሩም። አተላውን ለከብቱ ይወስድ የነበረው ጎረቤትም መኖ የሚሸምትበት ሌላ ቦታ ይፈልጋል።