የናይሮቢው ሂልተን እና የኢስሊው ጋሪሳ ሎጅ

ዱባይና ናይሮቢ መመላለስ የጀመሩ ልጆቻችን በብድር ገንዘብ ትልቅ ፎቅ ሆቴል ሲይዙ እናያለን። «ዕቃ አቅራቢው እንዲያከብረን ነው» ይላሉ። ነገሩን ለማየት የናይሮቢ ሁለት ማደሪያዎችን ታሪክ እናስታውስ።

መሀል ከተማው ላይ የቆመው ክብ ፎቅ ሂልተን ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። የእኛው የአዲስ አበባ ሂልተንም የተከፈተው በዚያው ዓመት ነው። ኬንያ ነጻ ከወጣች ገና 6 ዓመቷ ነበር፤ ለእንግዳ የምታሳየው ፎቅ ያስፈልጋት ነበር፤ መንግሥቷም በሆቴሉ ድርሻ ነበረው። ፎቁ ከሩቅ ስለሚታይ ከተማውን የማናውቅ ሁሉ «ሂልተን ጋ እንገናኝ» ስንባባል ኖረናል። ለሥራም ለሰርግም ተጠርተን ያደርንበት አለን። ከላይ ሲያዩት የሞይ ጎዳና መኪና መጫወቻ ይመስላል፤ አንሶላው የተተኮሰ፣ ቁርሱ እስከ ማታ የሚያቆይ ነው። የአንድ ሌሊቱ ሒሳብ ግን ኢስሊ ብዙ ሌሊት ያሳድራል።

ኢስሊ ደግሞ ጋሪሳ ሎጅ የሚባል ተራ ማደሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 የሶማሊያ መንግሥት ሲፈርስ የተሰደዱ ነጋዴዎች፣ ሴቶችም ጭምር፣ ክፍሎቹን ተከራዩ። ሌሊት ይተኙበታል፤ ቀን ዕቃውን ከአልጋ ሥር እያወጡ ይሸጡበታል። ገዢው ሲበዛ ክፍሉ ሱቅ ሆነ፤ ማደሪያውም ወደ ገበያ ማዕከልነት ተለወጠ። ዛሬ ሸቀጥ የምናነሳባቸው የኢስሊ የገበያ ፎቆች የእሱን ፈለግ ተከትለው የመጡ ናቸው።

ሂልተን እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ተዘጋ። በዚያው መሀል ከተማ የነበረው ኢንተርኮንቲኔንታልም በኮሮና ጊዜ፣ በ2020፣ በሩን ዘግቶ ነበር። ከዚያ በፊትም ብዙ መሥሪያ ቤቶች ወደ ዌስትላንድስና አፐር ሂል ሄደው ስለነበር፣ ደህና የሚከፍለው እንግዳ አብሯቸው ሄዷል።

በትልቅ ሆቴል ማደር ነውር የለውም። ከደንበኛ ጋር የምንዋዋልበት ከሆነ የሥራ ወጪ ነው፤ ይመዝገብ። ከትርፋችን ላይ ከሆነም ዕረፍት ነው፤ ይገባናል። በብድር ገንዘብ ለስም ብቻ ከሆነ ግን ካፒታል መብላት ነው። የጋሪሳ ሎጅ ሴቶች ለአልጋው ሲከፍሉ ከአልጋው ሥር ምን እንደሚሸጡ ያውቁ ነበር። እኛም ክፍል ከመያዛችን በፊት፣ ይህ ሌሊት ምን ያስገባልናል ብለን እናስላ።