ባንድቫግን 206፦ የበረዶና የውሀ ባለሰንሰለት ተሽከርካሪ፣ አነዳዱና አያያዙ

ባንድቫግን 206 በስዊድን ሰሜናዊ ክፍል በኧርንሸልድስቪክ ከተማ የሚገኘው የሄግሉንድ ፋብሪካ ለአገሩ ጦር ሠራዊት የሠራው፣ ሁለት ክፍሎች በመገጣጠሚያ የተያያዙለት፣ በአራት የላስቲክ ሰንሰለቶች የሚሄድና በውሀም ላይ የሚንሳፈፍ ተሽከርካሪ ነው። ንድፉ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት ሲሆን፣ በብርድ ወራት በጥልቅ በረዶ የሚሸፈነው፣ በረዶው ሲቀልጥም ረግረግ የሚሆነው የላፕላንድ ምድር ጎማ ላለው መኪና ሁሉ አልገዛም በማለቱ፣ መሐንዲሶቹ ለሁለቱም ወራት የሚያገለግል አንድ ዕቃ ለመሥራት ተገደው ነበር። ከእርሱ አስቀድሞ ይኸንኑ አገልግሎት ይሰጥ የነበረው ባንድቫግን 202 ነው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1982 በፎክላንድ ደሴቶች በተደረገው ጦርነት ከእንግሊዝ የባሕር ኃይል እግረኛ ወታደሮች ጋራ ዘምቶ፣ መንገድ በሌለው ረግረግ ላይ ስንቅና ጥይት በማመላለስ የንድፉን ትክክለኛነት አስመስክሯል።

የዚህ ተሽከርካሪ የጥበብ መሠረት ቅለት ነው። ባዶውን ወደ 4,500 ኪሎግራም ይመዝናል፤ ወደ 2,000 ኪሎግራም የሚደርስ ጭነትም ይሸከማል። ነገር ግን እያንዳንዱ ሰንሰለት 62 ሳንቲሜትር ስፋት ስላለውና አራቱም በአንድነት መሬቱን ስለሚነኩ፣ ከነጭነቱ እንኳ በአንድ ካሬ ሳንቲሜትር ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ከ140 ግራም የሚበልጥ አይደለም። አንድ ሰው በጫማው ቆሞ የሚያሳርፈው ክብደት ከዚህ በእጥፍ የሚልቅ ስለ ሆነ፣ እግረኛ እስከ ጉልበቱ በሚሰምጥበት በረዶ ላይ ይህ ተሽከርካሪ አሥራ ሰባት ሰዎች ጭኖ ያልፋል። ገላው ከብረት ሳይሆን ከፋይበርግላስ መሠራቱም ለዚሁ ለቅለቱና ለመንሳፈፉ ሲባል ነው።

ሞተሩ በፊተኛው ክፍል ይገኛል። በመጀመሪያ የተገጠመለት ባለ 2.8 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር የፎርድ ቤንዚን ሞተር ሲሆን፣ በኋላ ባለ 3 ሊትር የመርሴዲስ ናፍጣ ሞተር ተተክቶበታል። ኃይሉ ማርሹን በራሱ ከሚለዋውጥ ካምቢዮ ተነሥቶ፣ በመገጣጠሚያው መካከል በሚያልፍ ዘንግ አማካይነት ወደ ኋለኛው ክፍል ስለሚደርስ፣ አራቱም ሰንሰለቶች ይጎትታሉ። ታንክና ባለሰንሰለት ትራክተር የሚታጠፉት የአንዱን ወገን ሰንሰለት በመያዝ ወይም በማዘግየት ነው፤ እንዲህ ሲሆን ግን የተያዘው ሰንሰለት በረዶውን ይቆፍራል፣ ጉልበትም ይባክናል። በ206 ላይ ግን መሪው ሲዞር፣ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያሉት በዘይት ግፊት የሚሠሩ ክንዶች ተሽከርካሪውን ከወገቡ ያጥፉታል፤ በመታጠፉም ጊዜ አራቱም ሰንሰለቶች መጎተታቸውን አይተዉም። ለበረዶ ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ ብልሃት ያለ አይመስለኝም።

በበረዶ ላይ የሚነዳ ሰው ይህን ባሕርይ ሊያከብርለት ይገባል። ቁልቁለትንና ዳገትን ፊት ለፊት መውሰድ፣ ከተዳፋት ጎን ለጎን ከመሄድ መቆጠብ፣ ጥልቅ በረዶ ከመግባቱ በፊት ዝቅተኛውን ማርሽ መርጦ ነዳጁን ሳይጨምርና ሳይቀንስ በእኩልነት መስጠት፣ እነዚህ የመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች ናቸው። ሰንሰለቱ በቦታው መሽከርከር የጀመረ እንደ ሆነ ግን ነዳጅ መጨመር ጉድጓዱን ማጥለቅ ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ መሪውን በዝግታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያመላለሱ በቀስታ ቢነዱት፣ ፊተኛው ክፍል እንደ ዳክዬ እየተወዛወዘ፣ ሰንሰለቶቹ ገና ያልተረገጠውን የዳርና የዳር በረዶ እየነከሱ ከጉድጓዱ ይወጣሉ። ይህም እምቢ ካለ፣ መጥቶበት በነበረው በተደለደለው ፈለግ ወደ ኋላ መመለስ ይሻላል እንጂ መታገል አይገባም። ሰማዩና ምድሩ አንድ ዓይነት ነጭ በሚሆኑበት ብርሃን ደግሞ ገደልና ሜዳ ስለማይለዩ፣ ቆሞ መጠበቅ ወይም ሰው ወርዶ በእግሩ እየመራ መሄድ የግድ ነው።

በረዶ ሆኖ በረጋ ባሕር ላይ መንዳት ከዚህ ሁሉ የከበደ ነው። በአንታርክቲካ የሚሠሩ ሰዎች የረጋውን ውሀ ውፍረት በመሰርሰሪያ እየበሱ ሳይለኩ አያልፉም፤ የጣራው መውጫም በቀላሉ እንዲከፈት ይጠነቀቃሉ። ተሽከርካሪው ስለሚንሳፈፍ በረዶው ቢሰበር ተሳፋሪዎቹ የመውጫ ጊዜ ያገኛሉ፤ ነገር ግን ይህ ተስፋ የሚጸናው የታችኛው ገላ ውሀ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች በሙሉ የተደፈኑ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ጉዞ ሳይጀመር አንድ ሰው በሆዱ ተኝቶ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በእጁ ዳስሶ ማረጋገጥ አለበት፤ ደፍኛቸው ነበር ብሎ በትዝታ መተማመን አይበቃም። በውሀ ላይ የሚገፉት ሰንሰለቶቹ ራሳቸው በመሆናቸው ፍጥነቱ የእግረኛን ርምጃ ያህል ነው፤ ስለዚህም ኃይለኛ ወራጅ ውሀና ማዕበል አይስማሙትም። ሲገባም ሆነ ሲወጣ ዳርቻውን ቀጥ ብሎ በዝግታ መውሰድ ያሻል።

ከውሀ ከወጣ በኋላ ዕረፍት የለም። ውሀው ከመርጋቱ በፊት ቀዳዳዎቹን ከፍቶ ማፍሰስ፣ ፍሬኑ እንዲደርቅ በጉዞ ላይ ሳለ ደጋግሞ በቀስታ መርገጥ፣ በሰንሰለቶቹና በመንኮራኩሮቹ መካከል የተጠቀጠቀውን በረዶ በአካፋና በእንጨት ማስለቀቅ ይገባል። የተጠቀጠቀ በረዶ ሰንሰለቱን ከመጠን በላይ ስለሚወጥረው፣ የመንኮራኩሮቹን ኩሽኔታ ይበላል፤ ሰንሰለቱ ከላላ ደግሞ በመታጠፊያ ላይ ከጥርሱ ይወልቃል፤ ስለዚህ ውጥረቱ መለካት ያለበት በረዶው ከጸዳ በኋላ ነው። ማታ ሲቆምም ሰንሰለቱ ከመሬት ጋራ ተጣብቆ እንዳያድር በሳንቃ ወይም በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ማሳረፍ፣ እርጥብ የሆነ የእጅ ፍሬንም ስቦ አለመተው ልማድ ሊሆን ይገባዋል።

የሚንከባከበው ሰው ከመሣሪያው ይልቅ በእጁ ብዙ ያውቃል። ከረጅም ጉዞ በኋላ በተሽከርካሪው ዙሪያ እየሄደ የመንኮራኩሮቹን መሐል በየተራ ቢዳስስ፣ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚግለው ኩሽኔታው የተበላ ነው፤ ይህንም ዛሬ ያላወቀ ነገ ከሰፈር ርቆ መንኮራኩሩ ሲነቀል ያውቀዋል። የመሪው መገጣጠሚያ በየጊዜው ግራሶ ይፈልጋል፤ የዘይት ቱቦዎቹም በብርድ ስለሚደርቁ ስንጥቅ እንዳይኖርባቸው መታየት አለባቸው። ለሞቃት አገር የተዘጋጀ ናፍጣ በብርድ ሰም አውጥቶ ማጣሪያውን ስለሚደፍን ለብርድ የተዘጋጀውን መጠቀም፣ ጋኑንም ማታ ሞልቶ በማሳደር ውስጡ ላብ እንዳይቋጥር ማድረግ ያሻል። ባትሪ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ከጉልበቱ ግማሽ ያህሉን ስለሚያጣ፣ ሞተሩን በማሞቂያ አስቀድሞ ማሞቅ ከማስነሻው ጋራ ከመታገል ይሻላል። ከተነሣም በኋላ የካምቢዮውና የመሪው ዘይት እስኪሞቅ መጠበቅ ግዴታ ነው።

የዚህ ዓይነት ተሽከርካሪ ከ11,000 በላይ ተሠርቶ በብዙ አገሮች ተሠራጭቷል፤ ኒው ዚላንድ በአንታርክቲካ ባላት የስኮት ጣቢያ፣ አውስትራሊያም በራሷ ጣቢያዎች ለሳይንስ ሊቃውንት መጓጓዣ አድርገውታል፤ በተራራ አገሮች ያሉ የነፍስ አድን ማኅበራትም ይገለገሉበታል። ይኸው ፋብሪካ በኋላ ቢቪኤስ 10 የተባለውን፣ ጥይት የሚከላከል ብረት የለበሰውን ታላቅ ወንድሙን ሠርቷል፤ እርሱ ለጦር ሜዳ የተሻለ ቢሆንም፣ በለስላሳ በረዶ ላይ ለሚደረግ ሰላማዊ ሥራ ቀላሉ 206 እስከ ዛሬ ተመራጭ ነው።