ሚጠተ ልብ፤ የአንድ ሕክምና ስምና ትርጓሜው

ከጊምቦ ወይም ከዴቻ ወረዳ ተነሥቶ በካፋ፣ ቦንጋ ከተማ ወደሚገኘው ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል የመጣ ሰው፣ «ልቤ ትር ትር ይላል፤ ዳገት ስወጣም ትንፋሽ ያጥረኛል» ብሎ ሕመሙን ከተናገረና በደረቱ ላይ የተለጠፉት ሽቦዎች የልቡን አመታት በወረቀት ላይ ከሣሉ በኋላ፣ ከሐኪሙ አንደበት ሁለት የባዕድ ቃላት ሊሰማ ይችላል፤ አንደኛው «ኤትሪያል ፊብሪሌሽን» የተባለው የደዌው ስም ሲሆን፣ ሁለተኛው «ካርዲዮቨርዥን» የተባለው የሕክምናው ስም ነው። ሐኪሙ ቃላቱን በተማረበት ቋንቋ ቢጠራቸው አይፈረድበትም፤ ነገር ግን በሽተኛው ይሁን ወይም ይቅር ብሎ እንዲወስን የሚጠየቀው ስሙን እንኳ በማያውቀው ነገር ላይ በመሆኑ፣ እሺታው ከመታመን እንጂ ከማስተዋል የመጣ አይሆንም። በካፋ ምድር ደግሞ ብዙው ሕዝብ አፉን የሚፈታው በካፊኖኖ ስለ ሆነ፣ አስተርጓሚው ነርስ ከእንግሊዝኛው በቀጥታ መሻገር ሲያቅተው የሚይዘው የአማርኛ ቃል ማግኘቱ ለሁለቱም ቋንቋ ይጠቅማል። እኔም በዚህ ጽሑፍ ለደዌው «ረዓደ እዝነ ልብ»፣ ለሕክምናው ደግሞ «ሚጠተ ልብ» የሚሉትን ስሞች አቅርቤ፣ ለምን እንደ መረጥኋቸው ላስረዳ እወዳለሁ።

የሰው ልብ አራት ክፍሎች እንዳሉት የታወቀ ነው። ሁለቱ የላይኞቹ ደምን ተቀብለው ወደ ታች ያወርዳሉ፤ ሁለቱ የታችኞቹ ደግሞ አንደኛው ወደ ሳንባ፣ ሁለተኛው ወደ መላው አካል ይረጫሉ። የጥንቶቹ የአውሮፓ መምህራነ ሕክምና በላይኛው ክፍል ጎን የተንጠለጠለችውን ትንሽ ከረጢት አይተው የጆሮን ቅርጽ ስላስታወሰቻቸው በላቲን «ትንሽ ጆሮ» አሏት፤ ስሙም ከከረጢቷ አልፎ ለላይኛው ክፍል ሁሉ ተሰጠ። ብሪታንያዊው ሰር ቶማስ ልዊስ በ1909 እ.ኤ.አ. የልብን ኤሌክትሪክ በሚሥለው መሣሪያ ደዌውን ለይቶ ሲያሳይ የጠራው «የእዝን መንቀጥቀጥ» ብሎ ነበር። እኛም በግእዝ ጆሮን እዝን ስንል፣ ከቤተ ክርስቲያን ስብከት «እዝነ ልቡና» የሚለውን ሐረግ ከልጅነታችን ጀምሮ ስለ ሰማን፣ «እዝነ ልብ» ማለት ለጆሮአችን እንግዳ አይሆንም። ረዓድ ደግሞ ርዕደ ካለው ግስ የወጣ፣ በአማርኛም «ሰውነቱ ራደ» በምንለው ውስጥ ያለ ቃል ነው። አንዳንድ ሰው «መርገብገብ» ቢባል ይቀል ነበር ይል ይሆናል፤ ዳሩ ግን የልብ እዝን በፍጥነት፣ ግን በሥርዓት የሚርገበገብበት ሌላ የቅርብ ዘመድ የሆነ ደዌ ስላለ፣ መርገብገብን ለዚያ ትቶ ሥርዓት የሌለውን መንቀጥቀጥ ረዓድ ማለት ይሻላል።

የደዌውን ጠባይ ለማስረዳት ከማኅሌት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በጤናማ ልብ ውስጥ፣ በቀኙ እዝነ ልብ አናት ላይ አንዲት እንደ መሪጌታ የምትቆጠር የሥጋ ቋጠሮ አለች፤ እርሷ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ስትመራ እዝኖቹ ይከተሏታል፣ የታችኞቹም ክፍሎች እንደ ከበሮ ጊዜያቸውን ጠብቀው ይመታሉ። ረዓድ በተነሣ ጊዜ ግን ዜማውን የሚመራ አይኖርም፤ በእዝነ ልብ ውስጥ በደቂቃ ከ350 እስከ 600 የሚደርስ የኤሌክትሪክ ትእዛዝ ከየአቅጣጫው ሲፈልቅ፣ ወደ ታች የሚያሳልፈው በር ከመካከሉ ያገኘውን ብቻ እየነጠቀ ስለሚያስተላልፍ፣ የታችኛው ልብ አንድ ጊዜ ፈጥኖ፣ አንድ ጊዜ ዘግይቶ፣ ምንም ቅደም ተከተል በሌለው አኳኋን ይመታል። የሕመምተኛውን አንጓ በጣቱ የዳሰሰ ሰው ይህን ያለ መሣሪያ ሊያውቀው ይችላል። ረዓዱ በአንዳንዱ ሰው በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ መጥቶ በራሱ ይሄዳል፤ ከወራትም በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ይህ መመላለሱ ሰውን ያታልላል፤ ስለ ለቀቀው የዳነ እየመሰለው መድኃኒቱን የሚጥል ብዙ ነውና።

ከሚሰማው ትርታ ይልቅ የማይሰማው ነገር የከፋ ነው። የሚንቀጠቀጥ እዝን ደሙን ጨምቆ ስለማያወርድ፣ በተለይም በግራው በኩል በተንጠለጠለችው በዚያች ትንሽ ጆሮ ውስጥ ደሙ ቆሞ ይረጋል፤ የረጋውም ደም ተቆርጦ ወደ አንጎል ከሄደ፣ ስትሮክ የሚባለውን የአንጎል ምት ያመጣል። በአሜሪካ በፍራሚንግሃም ከተማ ሕዝብ ላይ የተደረገው ዝነኛ ጥናት በ1978 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው፣ ረዓድ ያለበት ሰው ለአንጎል ምት የሚጋለጠው ከሌላው ሰው ከ5 እጥፍ በላይ ሲሆን፣ በሪህ ትኩሳት ምክንያት የግራው የልብ መዝጊያ (ቫልቭ) ከጠበበ ግን ከ17 እጥፍ በላይ ነው። ይህ ሁለተኛው ቍጥር የእኛን አገር በእጅጉ ይመለከታል። በምዕራቡ ዓለም ረዓድ በአመዛኙ የሽማግሌዎች ደዌ ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ ግን በሕፃንነት ጊዜ ያልታከመ የቶንሲል ሕመም የሪህ ትኩሳትን አስከትሎ የልብን ቫልቭ ጐድቶ፣ በሃያና በሠላሳ ዓመት ዕድሜ ላይ ያለውን ሰው፣ ከወንድ ይልቅም ሴቱን፣ ለዚህ ይዳርጋል። ኢትዮጵያ ከተካፈለችበት፣ በ12 የአፍሪካ አገሮች፣ በህንድና በየመን 3343 የሪህ ልብ ሕሙማንን ከመዘገበው ጥናት ውስጥ ከመቶው 22 የሚሆኑት ረዓድ ነበረባቸው፤ የሕሙማኑም መካከለኛ ዕድሜ 28 ዓመት ነበር።

ወደ ሁለተኛው ቃል እንምጣ። «ካርዲዮቨርዥን» የሚለውን ስም ያወጣው፣ በሊትዌኒያ ተወልዶ በአሜሪካ የኖረው ሐኪም በርናርድ ላውን ነው። ከእርሱ በፊት የኤሌክትሪክ ንዝረት ሰውን ከሞት ለመመለስ ይሠራበት ነበር፤ ላውን ግን በ1962 እ.ኤ.አ. ንዝረቱ ከታችኛው ልብ አመታት ጋር ተስማምቶ በተመረጠው ቅጽበት እንዲለቀቅ በማድረግ፣ በሕይወት ያለውን ነገር ግን ዜማው የጠፋበትን ልብ ወደ ዜማው የሚመልስ ዘዴ አቀረበ። ንዝረቱ በማይገባው ቅጽበት ቢወድቅ የታችኛውን ልብ ራሱን አንቀጥቅጦ ሊገድል ይችላልና፣ ጥበቡ ሁሉ በጊዜው መመረጥ ላይ ነው። የ«ቨርዥን» የላቲን ሥር «መመለስ፣ ማዞር» ማለት ስለ ሆነ፣ በግእዝ ሜጠ፣ መለሰ ካለው ግስ የወጣው «ሚጠት» ልክ ይገጥመዋል።

ሚጠትን ስመርጥ ግን የሥሩ መግጠም ብቻ አልሳበኝም። «ትንሣኤ» እንዳይባል ልቡ አልሞተም፤ «ፈውስ» እንዳይባልም በሽታው አልተነቀለም። ከጽጌ ጾም ፍጻሜ በኋላ ኅዳር 6 ቀን በቁስቋም በዓል ቤተ ክርስቲያን የምታስበው የእመቤታችን ሚጠት ከስደት ወደ አገር መመለስ ነው፤ መመለሱም የሆነው ስደተኛዋ በፈለገች ጊዜ ሳይሆን ጊዜው በደረሰ ጊዜ ነው። የልብም ሚጠት እንዲሁ ጊዜ ይጠብቃል። ረዓዱ ከ48 ሰዓት በላይ ከቆየ ወይም መቼ እንደ ጀመረ ካልታወቀ፣ በእዝኑ ውስጥ የረጋ ደም ሊኖር ስለሚችል፣ በድንገት መመለሱ ያንን ደም አስፈንጥሮ ወደ አንጎል ሊሰድደው ይችላል፤ ስለዚህ ሕመምተኛው ቢያንስ 3 ሳምንት የደም ማቅጠኛ ሳያቋርጥ መውሰድ፣ አለዚያም በጉሮሮ በሚገባ የአልትራሳውንድ መሣሪያ የልቡ ጆሮ ከረጋ ደም ንጹሕ መሆኗ መረጋገጥ አለበት። ከሚጠት በኋላም ቢያንስ 4 ሳምንት ማቅጠኛው ይቀጥላል፤ ምክንያቱም ወደ ዜማው የተመለሰው እዝን ለጊዜው እንደ ደከመ ሰው ስለሚቆይ ነው። ሥራው ራሱ አጭር ነው፤ ሕመምተኛው ለጥቂት ደቂቃ በመድኃኒት ይተኛል፣ በደረቱና በጀርባው ሁለት ማስተላለፊያዎች ይለጠፋሉ፣ ብዙ ጊዜ ከ120 እስከ 200 ጁል የሚሆን ንዝረት ይለቀቃል፣ በነቃ ጊዜም ምንም አያስታውስም።

የካፋ ሰው ይህን ሲመዝን መንገዱንም መመዘን አለበት። ጎጀብን ተሻግሮ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማእከል ለመድረስ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ፣ አዲስ አበባ ለመድረስ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ለሚጠት የተቀጠረ ሰው በሦስቱ ሳምንት ውስጥ አንድ ቀን ኪኒኑን ቢያቋርጥ ወይም የደሙ የመቅጠን ልክ በአይ ኤን አር ምርመራ ከ2 እስከ 3 መሆኑ ቀርቶ ዝቅ ብሎ ቢገኝ፣ ቀጠሮው ይተላለፍና ያ ሁሉ ጕዞ ለከንቱ ይሆናል። ዋርፋሪን የሚባለው ማቅጠኛ ደግሞ ከምግብ ጋር ይጣላል፤ ቆጮውን በጎመን የሚበላ ሰው ጎመኑን እንዲያቆም ሊነገረው አይገባም፣ ዛሬ ጠግቦ ነገ ከመተው ይልቅ በየሳምንቱ በተመሳሳይ መጠን እንዲበላ እንጂ። ይህን ምርመራ የማይጠይቁ አዳዲስ ማቅጠኞች መጥተዋል፤ ነገር ግን በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ታላቅ ጥናት ከእነርሱ አንዱ በሪህ ልብ ሕሙማን ዘንድ ከዋርፋሪን ቤተሰብ እንደማይበልጥ፣ ይልቁንም እንደሚያንስ ስላሳየ፣ ቫልቩ የጠበበበት ሰው ከአሮጌው መድኃኒት ጋር ይኖራል። እንዲህ ላለው ሰው፣ ጠባቡ መዝጊያ ሳይስተካከል የተደረገ ሚጠት ብዙ አይቆይም።

የተመለሰ ልብ ዳግመኛ ሊሰደድ ይችላል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ እንኳ ከተመለሱት ግማሽ ያህሉ ወደ ረዓዱ ይወድቃሉ። ሚጠት የሚለው ቃል ይህን አይሸሽግም፤ የተመለሰ ሰው ደግሞ ሊሄድ እንደሚችል ሁሉም ያውቃልና። ስለዚህ ሐኪም «ሚጠት እናደርግልዎታለን» ሲል፣ በሽተኛው «ስንት ጊዜ ይቆያል?» ብሎ መጠየቅ ይቀለዋል፤ በባዕዱ ቃል ግን ጥያቄው አይመጣለትም። ትርታው ብዙም የማያስጨንቀው ሰው፣ ሚጠትን ትቶ ልቡን በሚያዘገይ መድኃኒትና በማቅጠኛው ብቻ መኖርን ቢመርጥ እንኳ ስንፍና አይደለም፤ በብዙ አገር የታወቀ ሁለተኛ መንገድ ነው።

ስለ ቡና አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም፤ ጫካው በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቦ በተጠበቀው፣ የቡና መገኛ በሆነው በካፋ፣ አቦል ቶና በረካው ሲፈላ ጎረቤቱ ሁሉ ከቦ ሲቀመጥ አንዱ ብቻውን ወደ ዳር እንዲል ማዘዝ ቀላል ትእዛዝ አይደለምና። ልብ ለሚመታበት ሰው «ቡና ተው» ማለት በብዙ ቦታ ልማድ ሆኖ ኖሯል። በ2025 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን ቡና የመጠጣት ልማድ ያላቸውን፣ ሚጠት የሚደረግላቸውን 200 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ገሚሱን ቡና በየቀኑ እንዲጠጡ፣ ገሚሱን እንዲያቆሙ አድርጎ ለ6 ወር ሲከታተላቸው፣ ረዓዱ የተመለሰባቸው ከጠጪዎቹ ከመቶ 47፣ ካቆሙት ከመቶ 64 ሆነው ተገኙ። ጥናቱ በአሜሪካ፣ በካናዳና በአውስትራሊያ የተደረገ፣ ብዛቱም ጥቂት ስለ ሆነ፣ ቡና መድኃኒት ነው እስከ ማለት አያደርስም፤ የጀበናውን ደጅ ያለ ማስረጃ መዝጋት ግን አግባብ አለመሆኑን ይናገራል። ይልቅስ ሊጠረጠር የሚገባው የካፋ ማር የሚጠመቅበት ጠጅ ነው፤ በአውስትራሊያ በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አዘውትረው መጠጥ ከሚጠጡ ሕሙማን መካከል ካቆሙት ከመቶ 53 ብቻ ረዓዱ ሲመለስባቸው፣ ካላቆሙት ከመቶ 73 እንደ ተመለሰባቸው አሳይቷልና።

ነርሷ በቀጠሮ ካርዱ ጀርባ ላይ ሁለት መሥመር ብትጽፍ ይበቃል፤ «ረዓደ እዝነ ልብ አለብዎ፤ ለሚጠት ከሦስት ሳምንት በኋላ ይምጡ። እስከዚያ፣ ልብዎ በራሱ ተመልሶ ቢያገኙት እንኳ፣ ማቅጠኛውን አንድም ቀን አያቋርጡ።»