የጣፋጭ ነገሮች ስምና መስፈሪያ

ተርጓሚዎች አዘውትረው ከሚያነሧቸው ጥያቄዎች ሁለቱ ጣፋጭ ነገሮችን የሚመለከቱ ናቸው። አንደኛው «ከረሜላ» የትኛውን የባዕድ ቃል ይተካል? የሚል ሲሆን፥ ሁለተኛው በምን ይቈጠራል? የሚል ነው። የሁለቱም መልስ የሚገኘው ከቃላቱ ታሪክ ነው።

ስኳር ከመስፋፋቱ በፊት የጣፋጭ ሁሉ አውራ ማር ነበር። ለግብር ሲገባ የሚሰፈረው በጉንዶ ሲሆን፥ የጉንዶው መጠን እንደየአገሩ ይለያይ ነበር። «ስኳር» የሚለው ስም መነሻው ሳንስክሪት ነው፤ በዚያ ጠጠር ማለት የነበረው ቃል በፋርስ ቋንቋ ዐልፎ በዐረብኛ «ሱከር» ሆነ። የአማርኛውም ድምፅ ከጣልያንኛው «ዙኬሮ» ይልቅ ለዚህ ይቀርባል። ዐረብኛ በንግድ ቋንቋነት ባገለገለበት በአሶሳ አካባቢ ዝምድናው ያለ ምርምር ይሰማል።

«ከረሜላ» ግን የጣልያንኛው «ካራሜላ» ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) በኩል ወደ ናዝሬት (አዳማ) በሚወስደው መንገድ የሚደረስበት የወንጂ ስኳር ፋብሪካ፥ በሆላንዱ ኩባንያ በኤች.ቪ.ኤ. ተቋቁሞ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። «ደስታ ከረሜላ»ም የዚሁ ፋብሪካ ውጤት ነበር። የስኳሩ ምርት የሚነገረው በጉንዶ ሳይሆን በኩንታል፥ ይኸውም በ100 ኪሎ ነበር።

እንግዲህ ስሙና የሚዛን መለኪያው ከውጭ ሲገቡ፥ የአቈጣጠሩ ቃል የአገር ቤት እንደ ሆነ ቀረ። «አንድ ፍሬ ከረሜላ» እንላለን። ሻይ ስንጠጣም «ሁለት ስኳር» ብለን ሁለት ማንኪያ ማለታችን ነው፤ የማንኪያው መጠን ግን አልተነገረም።

ከፍቺም በኩል ጥንቃቄ ያሻል። ጣልያኖች የተጠቀለለውን ጣፋጭ «ካራሜላ»፥ በእሳት የቀላውን ስኳር «ካራሜሎ» ይላሉ። የእንግሊዞች «ካራሜል» በይበልጥ ለሁለተኛው ይቀርባል። ስለዚህ በምግብ አሠራር መጽሐፍ ይህን ቃል «ከረሜላ» ብሎ የተረጐመ ሰው፥ የቀላ ስኳር በሚፈስስበት ኬክ ላይ ከረሜላ ያስበትናል።

«ጣፋጭ» የሚለውም ቃል ሰፊ ነው፤ ጨው የተመጠነለት ወጥ ጣፋጭ ይባላልና። ይህ ስፋት በጨዋታ ጉዳት የለውም። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን የደሙ ስኳር ሲወርድ 15 ግራም ያህል ፈጥኖ የሚዋሐድ ስኳር መውሰድ እንዳለበት በሚመከርበት ጽሑፍ ላይ፥ «ጥቂት ጣፋጭ ይብላ» የሚል ትርጕም ዓይነቱንም መጠኑንም ይሰውራል። እዚህ ላይ «ስኳር» ወይም «ከረሜላ» ተብሎ ስሙ ሊጠራ፥ ግራሙም በቍጥር ሊጻፍ ይገባል።

ከዚህ የምንረዳው መዝገበ ቃላት ስምን ከነፍቺው መመዝገቡ ብቻ እንደማይበቃ ነው። ማር ከጉንዶው፥ ስኳር ከማንኪያውና ከኩንታሉ፥ ከረሜላም ከፍሬው ጋር ቢመዘገቡ፥ ተርጓሚው የነገሩን ምንነት ብቻ ሳይሆን ልኩንም ያገኛል።