«ተጠናቀቀ» የምትለዋ ቃል ታሪክ

በባንክ፣ በአየር መንገድ ወይም በዓለም አቀፍ ድርጅት የሚሠራ ሰው አንዲት ቃል በደንብ ያውቃል፤ «ተጠናቀቀ»። ሠራተኛው ስለ ሙስና፣ ስለ ሕገወጥ ገንዘብ ዝውውር ወይም ስለ ሥራ ቦታ ደኅንነት የተዘጋጀውን ስልጠና በኮምፒውተር ይከፍታል። «ቀጣይ» የሚለውን እየተጫነ ያልፋል፣ ጥቂት ጥያቄዎች ይመልሳል፣ በመጨረሻም ከስሙ ጎን «ተጠናቀቀ» ተብሎ ይመዘገባል። ከዚያ ወዲያ የሚጠይቀው የለም።

ይህች ቃል ዝም ብላ የመጣች አይደለችም። ከ60 ዓመት በላይ ታሪክ አላት። ታሪኳ ከአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተነሥቶ፣ በፍርድ ቤትና በአውሮፕላን ፋብሪካ አልፎ፣ ቢሾፍቱ አጠገብ ያለ ማሳ ድረስ ይዘልቃል። (ዓመታቱ ካልተገለጸ በቀር እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ጅማሬው በጎ ነበር። በ1960 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ቢትዘር የተባለ ኢንጂነር ከባልደረቦቹ ጋር ፕላቶ የተሰኘ በኮምፒውተር የማስተማሪያ ሥርዓት ሠራ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ማሽኑ ይጠይቃል፣ ተማሪው ይመልሳል፣ ከተሳሳተ እንደገና ይሞክራል። ፈጣኑ ይፈጥናል፣ ዘገምተኛው በራሱ እርምጃ ይሄዳል። ኋላ ላይ ኮንትሮል ዳታ የተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ይህንኑ ይዞ ወደ ገበያ ወጣ፤ ለድርጅቶችም የሠራተኛ ማሠልጠኛ አድርጎ ሸጠው። በዚያ ዘመን ጥያቄው «ተማሪው ገባው ወይ?» የሚል ነበር።

ሁለተኛው ምዕራፍ የአቪዬሽን ነው። በ1980ዎቹ አየር መንገዶች አብራሪዎቻቸውንና ቴክኒሻኖቻቸውን በኮምፒውተር ማሠልጠን ጀምረው ነበር። ችግሩ፣ እያንዳንዱ አምራች የራሱን ዓይነት ስልጠና ማቅረቡ ነው። የአንዱ በሌላው ኮምፒውተር ላይ አይሠራም፤ ወጪውም ከባድ ነው። ስለዚህ በ1988 ቦይንግ፣ ኤርባስና ማክዶኔል ዳግላስ ተሰባስበው የጋራ መለኪያ የሚያወጣ ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው ካወጣቸው ደንቦች አንዱ፣ ስልጠናው ስለ ሠልጣኙ ውጤት ለማስተዳደሪያው ሶፍትዌር በምን ቋንቋ እንደሚነግረው ይወስናል።

የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ያቋቋመው የስልጠና ፕሮግራም ከ2000 ጀምሮ ስኮርም የተባለውን መለኪያ ሲያወጣ፣ ይህን ቋንቋ ከአቪዬሽኑ ኮሚቴ ወሰደ። ስኮርም በመላው ዓለም ተስፋፋ። በብዛት ሥራ ላይ በዋለው እትሙ የአንድ ሠልጣኝ ሁኔታ በስድስት ቃላት ብቻ ይገለጻል፤ አለፈ፣ ወደቀ፣ ተጠናቀቀ፣ አልተጠናቀቀም፣ ተመለከተ፣ አልተሞከረም። «ገባው» የሚል ቃል ከስድስቱ ውስጥ የለም። ኮምፒውተር የሰውን መረዳት ማየት ስለማይችል፣ ማየት የሚችለውን መዘገበ።

ይህ በራሱ ጉዳት አልነበረውም። ነገሩን የለወጠው ሕግ ነው። በኅዳር 1991 በአሜሪካ ሥራ ላይ የዋለው የድርጅቶች የቅጣት መመሪያ፣ ወንጀል የተገኘበት ኩባንያ ውጤታማ የሕግ ማስከበሪያ ፕሮግራም ካለው ቅጣቱ እንዲቀንስለት ፈቀደ። ከፕሮግራሙ ምልክቶች አንዱ ሠራተኛን ማሠልጠን ነው። በሰኔ 1998 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፍሎሪዳ የምትገኝ የአንዲት ከተማ አስተዳደርን ጉዳይ ወሰነ። ከሳሿ በባሕር ዳርቻ የዋናተኞች ሕይወት አድን ሆና ትሠራ የነበረች ሴት ናት፤ አለቆቿ ጾታዊ ትንኮሳ አድርሰውባታል። ከተማዋ ትንኮሳን የሚከለክል ፖሊሲ ነበራት፤ ነገር ግን ለባሕር ዳርቻው ሠራተኞች አላደረሰችውም። ተረታች። በ2004 የወጣ የካሊፎርኒያ ሕግ ደግሞ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት አለቆቹን በየሁለት ዓመቱ የሁለት ሰዓት የጾታዊ ትንኮሳ መከላከያ ስልጠና እንዲሰጥ አዘዘ። የኩባንያ ጠበቆችም ትምህርቱን ወሰዱ፤ ፖሊሲ መኖሩ ብቻውን አያድንም፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ መድረሱን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋል።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ኩባንያዎቹም የሚወረሰውን ያዙ። ማን፣ መቼ፣ ስንት ደቂቃ፣ ስንት ነጥብ የሚለውን ሁሉ በአንድ ቁልፍ አውጥቶ የሚያሳይ ሶፍትዌር ለፍርድ ቤት ማስረጃነት የተሠራ ያህል ተመቸ።

ምን ያህል እንደተመቸ በ2012 ታየ። የሞርጋን ስታንሊ ባንክ አንድ ከፍተኛ ሠራተኛ ከቻይና ባለሥልጣን ጋር ተመሳጥሮ በፈጸመው ወንጀል ጥፋተኝነቱን አመነ። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ባንኩን ግን አልከሰሰም። ከምክንያቶቹ አንዱ፣ ባንኩ ሰውየውን ስለ ፀረ ጉቦ ሕጉ ቢያንስ ሰባት ጊዜ ማሠልጠኑንና ቢያንስ 35 ጊዜ ማስታወሱን ማሳየት መቻሉ ነው። መዝገቡ ባንኩን አዳነ። ሰባት ጊዜ የሠለጠነው ሰው ግን ወንጀሉን ከመፈጸም አልተመለሰም። ስልጠናው ሁለት ሥራ ነበረው፤ አንዱን ሠራ፣ ሌላውን አልሠራም።

በገንዘብ ጉዳይ ይህ ልዩነት በቅጣት ይካካስ ይሆናል። በአውሮፕላን ግን አይካካስም።

ቦይንግ 737 ማክስን ሲሸጥ ከትልልቅ መስሕቦቹ አንዱ፣ የቀድሞውን 737 የሚያበር አብራሪ ወደ ማክስ ለመሸጋገር ሲሙሌተር ውስጥ መግባት አያስፈልገውም የሚል ነበር። ለሳውዝዌስት አየር መንገድ፣ የሲሙሌተር ስልጠና ግዴታ ከሆነ በእያንዳንዱ አውሮፕላን አንድ ሚሊዮን ዶላር ሊቀንስለት ቃል ገብቶ እንደነበር የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ በ2020 ባወጣው ሪፖርት አስፍሯል። የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣንም በኮምፒውተር የሚሰጥ ስልጠና ይበቃል ብሎ አጸደቀ። ብዙ አብራሪዎች ትምህርቱን በአይፓድ፣ በአንድ ሁለት ሰዓት ጨረሱት። ከስማቸውም ጎን «ተጠናቀቀ» ተባለ።

በዚያ ትምህርት ውስጥ ኤምካስ የተባለው ሥርዓት አልነበረም። ይህ ሥርዓት ከአንድ የአፍንጫ አቅጣጫ መለኪያ በሚደርሰው መረጃ ብቻ ተነሥቶ የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ወደ መሬት መድፋት የሚችል ነበር። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር አውሮፕላን ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ አብራሪዎች ማሳሰቢያ ደረሳቸው፤ የሲሙሌተር ስልጠና ግን አሁንም ግዴታ አልሆነም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ ሲያቀና፣ ስድስት ደቂቃ ገደማ በአየር ላይ ቆይቶ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ። 157ቱም ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች አለቁ።

የሁለቱ አደጋዎች ዋና ምንጭ የአውሮፕላኑ ንድፍ ነው እንጂ የስልጠና ሶፍትዌር አይደለም። ነገር ግን መዝገቡ ሙሉ ሆኖ ዕውቀቱ ጎዶሎ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የከፋ ምስክር አይገኝም። ማሽኑ ሠልጣኙ የተሰጠውን መጨረሱን ይቆጥራል። የተሰጠው ራሱ ጎዶሎ ከሆነ ግን አይናገርም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በኅዳር 2020 ማክስ እንደገና እንዲበር ሲፈቀድ የሲሙሌተር ስልጠና ግዴታ ሆነ። በጥር 2021 ቦይንግ የአቪዬሽን ባለሥልጣኑን በማታለል ሴራ ለቀረበበት ክስ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። ከስምምነቱ ግዴታዎች አንዱ፣ ስልጠናን ጨምሮ የሕግ ማስከበሪያ ፕሮግራሙን ማጠናከር ነበር። በግንቦት 2024 የፍትሕ ሚኒስቴሩ ኩባንያው ይህንኑ ፕሮግራም በአግባቡ ባለመዘርጋቱና ባለማስፈጸሙ ስምምነቱን ጥሷል አለ።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 780/2005 (ዓ.ም.) የፋይናንስ ተቋማት ሠራተኞቻቸውን በሕገወጥ ገንዘብ ጉዳይ በተከታታይ እንዲያሠለጥኑ አዝዞ ነበር። ለዚህ ሶፍትዌር መግዛት ነውር የለውም። በየክልሉ የተበተነን ብዙ ሺህ ሠራተኛ አዳራሽ ሰብስቦ ማስተማር አይቻልም፤ ማን እንዳልሠለጠነ ማወቅም ትልቅ ነገር ነው። ክፋቱ የቦርድ ስብሰባ ላይ «99 በመቶ ተጠናቅቋል» የሚል ሪፖርት ሲቀርብ ሁሉም አጨብጭቦ ሲነሣ ነው።

የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር እንኳ ዐቃብያነ ሕጉ ኩባንያውን ስልጠናው ውጤታማ መሆኑን በምን እንደለካ እንዲጠይቁ ከ2017 ጀምሮ በመመሪያው አስገብቷል። የኛ ቦርዶችም ይህን ለመጠየቅ ፈቃድ አያሻቸውም። ትምህርቱን ማን አዘጋጀው? ያስቀረው ነገር አለ ወይ? በመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው የባንክ ሠራተኛ አጠራጣሪ ገንዘብ ሲቀርብላት ምን ታደርጋለች? አለቃዋስ ሪፖርት ስታደርግ ይቆምላታል ወይስ ይቆጣታል?

እነዚህን የሚመልስ ቃል ከስድስቱ ውስጥ የለም። መልሱ የሚገኘው ሰው ሄዶ ሠራተኛዋን ሲጠይቃትና ስትሠራ ሲያያት ነው።